አዲስ የጭነት መኪና ሾፌር በድሬዳዋ፦ ስለ መጀመሪያ ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከድሬዳዋ ተነስተው በድንበር ከተማዋ ደወሌ ወደ ጅቡቲ፣ በደንገጎ ወደ ሐረርና ጅግጅጋ፣ ወይም በቁልቢና ጭሮ አድርገው ወደ አዲስ አበባ በሚሠሩ መኪኖች ላይ የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚጀምሩ ሾፌሮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱን የጻፍነው በድሬ ልማድ «አንተ» እያልን ነው፤ ለሴት ሾፌሮችም የሚነገረው ያው ነው።

መንጃ ፈቃዴን አውጥቻለሁ። ወዲያው ተሳቢ ይሰጠኛል?

ብዙ ጊዜ አይሰጥህም። መንጃ ፈቃዱ መንዳት እንደተፈቀደልህ ይመሰክራል እንጂ የሰው ሀብት ይዘህ ተራራ ስትወርድ ምን እንደምትሆን አይናገርም። ስለዚህ ባለንብረቶች አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚያስቀምጡት በኤፍኤስአር (ተሳቢ የሌለው መካከለኛ አይሱዙ) ወይም በገልባጭ ላይ ነው፤ ሥራውም ከደረቅ ወደቡ ወደ መጋዘን፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ወደ ግንባታ ቦታ የሚደረግ የከተማ ምልልስ ነው። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥር አለ። ግን በጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መግባት፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር መግባባት፣ የመረከቢያ ወረቀት አንብቦ መፈረም የሚለመደው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ አረጋግጥ፦ በፈቃድህ ላይ ያለው ምድብና የሚሰጥህ መኪና መግጠም አለባቸው። ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ሾፌር ጠፍቶባቸው «አንድ ጉዞ ብቻ ነው» ብለው ቦቴ ሊሰጡህ ቢፈልጉ እንቢ በል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስ ለመክፈል ፈቃደኛ የማይሆንበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው፤ ጣጣው ደግሞ አንተው ላይ ይወድቃል።

ረዳት ሆኜ መጀመር የግድ ነው?

የግድ አይደለም፤ ግን ስድስት ወር በረዳትነት የሠራ ሰው ከማሠልጠኛ በቀጥታ ከመጣው ይሻላል። ሸራ መወጠር፣ ገመድ ማሰር፣ ጎማ መፍታት፣ ከኋላ ሆኖ በእጅ ምልክት መምራት፣ ጎሚስታው አጭበርብሮ ይሁን በትክክል ሠርቶ መለየት ማሠልጠኛ ውስጥ አይሰጡም። ረዳት ሆነህ ካልመጣህ ቢያንስ የመጀመሪያ ጉዞዎችህን ከነባር ሾፌር ጋር እንድታደርግ ጠይቅ። ሁለት ሦስት ጉዞ አብሮ መሄድ ለባለንብረቱም ከአንድ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይረክሳል።

ተያዥ አምጣ ይሉኛል። ተያዤ ምን ውስጥ ነው የሚገባው?

መኪናና ጭነት የሚረከብ ሾፌር ተያዥ መጠየቁ የተለመደ ነው። ዘመድህ ከመፈረሙ በፊት በዋስትና ወረቀቱ ላይ የገንዘብ ጣሪያ መጻፉን አይታችሁ አረጋግጡ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር ለፈራሚውም ለአስፈራሚውም ጥሩ አይደለም፤ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ሥራውን ስትለቅ ደግሞ ዋስትናው መውረዱን በጽሑፍ ተቀበል። ሾፌሩ ከለቀቀ በኋላ ተያዡ ሳያውቅ በዋስትናው እንደተያዘ የሚቀረው ይህ ስለሚረሳ ነው።

ውሉ ላይ ምን ምን ልይ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንተም ይሠራል፤ መኪናው የአንድ ግለሰብ ቢሆንም። ከአዋጁ ለሾፌር በብዛት የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ «ስድስት ወር ሙከራ ነህ» የሚለው አነጋገር ሕጋዊ መሠረት የለውም። በጽሑፍ ውል ካልተሰጠህ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ የሚያልፈው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ 1.75 ተባዝቶ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ጡረታ ከአንተ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

እውነቱን ለመናገር በጭነት ሥራ ላይ ሰዓት የሚቆጥር አሠሪ ጥቂት ነው፤ የሚቆጠረው ምልልስ ነው። ግን የመነሻና የመድረሻ ሰዓትህን፣ ለጭነትና ለማውረድ የቆምክበትን ቀን በደብተር ያዝ። ክርክር ሲነሳ ደብተር ያለው ሰው ይደመጣል።

ደመወዝና አበል እንዴት ነው የሚሰላው?

በሦስት መንገድ ይሠራል፦ ወርሃዊ ደመወዝና ለየጉዞው አበል፣ አነስተኛ ደመወዝና ለምልልስ የሚከፈል ገንዘብ፣ ወይም ጨርሶ በምልልስ ብቻ። ሦስተኛው ወደብ ላይ ጭነት ሲጠፋ ባዶ እጅህን ያስቀምጥሃል። ጅቡቲ ወረፋ ጠብቀህ ስድስት ቀን ብትቆም ያ ስድስት ቀን የማን ነው? ከመፈረምህ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ። ቀጥሎ ደግሞ የረዳቱን ምግብና ክፍያ ማን እንደሚሸፍን። ብዙ ቦታ ረዳቱ ከሾፌሩ አበል ነው የሚበላው፤ ይህን ሳታውቅ ከተነሳህ አዲጋላ ላይ ቆመህ ሒሳብ ትሠራለህ።

ጉዞ ላይ የሚወጣው ገንዘብ (ነዳጅ፣ የክፍያ መንገድ፣ ጎሚስታ፣ ጥበቃ) በእጅህ የሚሰጥህ ከሆነ ከአበልህ ጋር በአንድ ኪስ አታስቀምጠው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ከአንተ ኪስ እንደወጣ ይቆጠራል።

ናፍጣ በልክ ነው የሚሰጠው። ባይበቃኝስ?

ልኩ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ነው። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ሙሉ ጭኖ በአንድ ሊትር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባዶውን 3 ገደማ ይሄዳል ብለህ ጀምር፤ የመኪናው ዕድሜ፣ ጎማውና እግርህ ያሻሽሉታል ወይም ያበላሹታል። በዚህ ስሌት ከድሬዳዋ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ባዶውን 73፣ ጭኖ 110 ሊትር ይጠይቃል። ልብ የማይባለው ግን ከፍታው ነው። ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ባዶህን ትወርዳለህ፣ ጭነህ ትወጣለህ። ለሄደበትና ለተመለሰበት እኩል ናፍጣ የሚቆርጥ ባለንብረት ካጋጠመህ ይህን በወረቀት አስረዳው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉዞዎች በመነሻና በመድረሻ የኪሎ ሜትር ንባቡን ፎቶ አንሳ። ናፍጣ «ጠፋ» የሚባለው ግማሹ ሌብነት ሲሆን ግማሹ ደግሞ የተነፈሰ ጎማ፣ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያና ቆሞ እየሠራ የሚያድር ሞተር ነው። ነዳጅ ማደያ ክፍያው በስልክ ስለሆነ በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈያው ላይ ያለው ገንዘብ ለአንድ ሙሌት መብቃቱን ወረፋ ከመያዝህ በፊት እይ።

መኪናውን ስረከብ ምን ላድርግ?

ቁልፍ ከመቀበልህ በፊት በርክክብ ወረቀት ላይ የሚከተሉት እንዲሰፍሩ አድርግ፦ የኪሎ ሜትር ንባብ፣ በሰልባቲዮው (በነዳጅ ጋኑ) ያለው ናፍጣ መጠን፣ የእያንዳንዱ ጎማ ብራንድና መለያ ቁጥር፣ የመለዋወጫ ጎማ ብዛት፣ ባትሪ፣ ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ታኮ (ጎማ ማገጃ)፣ ሸራና ገመድ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ። ጎማ በቁጥሩ ካልተጻፈ ከወር በኋላ «አዲስ ነበር» ይባላል። በስልክህ መኪናውን ዙሪያውን ቅረጽ፤ የተሰበረ መብራት፣ የተጣመመ ካሶኒ (የጭነት ሳጥን)፣ የተሰነጠቀ መስታወት ሁሉ ይታይ።

ከሰነድ ሊብሬ፣ የዓመት ምርመራ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ይኑር። ቢጫ ካርዱ በውጭ አገር በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገለግል ስለሆነ ቀኑ ያለፈበት ከሆነ ድንበሩን አትሻገር።

ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ሰዓት መድብለት፤ በኋላ በ15 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ሞተሩ ሳይነሳ ዘይት፣ የራዲያተር ውኃና ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ይታያሉ። ራዲያተር ትኩስ ሆኖ አይከፈትም፤ በድሬ ሙቀት ጠዋትም ቢሆን ሌሊት የገባ መኪና ትኩስ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አየር ነው። የአየር ጋኖቹን መተንፈሻ ስበህ ውኃውን አውጣ፤ ውኃ የያዘ ጋን የሚይዘው አየር ያንሳል፣ ቫልቮቹንም ያዝጋል። ሞተር አስነስተህ ግፊቱ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ አጥፋው፣ መኪናውን በታኮ ይዘህ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ፍሬኑን ረግጠህ ያዝና ለሦስት ደቂቃ ንባቡን እይ። መርፌው በግልጽ እየወረደ ከሆነ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል፤ ረዳቱ በጆሮው ዙሪያውን ይፈልግ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተሳቢው ጋር በሚገናኙት ሁለት ቱቦዎች ላስቲክ ላይ ነው። ላስቲኩ ዋጋው ኢምንት ነው፤ ሁለት መያዝ አይከብድም።

ጎማ በዱላ መምታት ጨርሶ የተነፈሰውን ይነግርሃል፤ ሩብ ግፊቱን ያጣውን ግን አይነግርህም፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው። መለኪያ ይኑርህ። የ12.00 በ20 ጎማ ሲጫን ከ8 ባር አያንስም፤ ግን በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ጣሪያ አትለፍ። የሚለካው ጠዋት ሲበርድ ነው። ከሰዓት በኋላ አይሻ በረሃ ላይ ለክተህ «በዝቷል» ብለህ አየር ካስተነፈስክ፣ ሲበርድ የጎደለ ጎማ ታገኛለህ፤ የጎደለው ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። በመንታ ጎማዎች መሐል የተቀረቀረ ድንጋይ ካለ አውጣ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄደህ ብሎኑን እንደገና አጥብቅ። ይህን የሚያደርግ ሾፌር ጥቂት ነው፣ ጎማው ወልቆ ቀድሞት ሲሮጥ ያየው ግን ብዙ ነው።

መጨረሻ ላይ የተሳቢው ማገናኛ ፒንና መቆለፊያው፣ የመብራት ገመዱ፣ የባሌስትራ ማለትም የስፕሪንግ ቅጠሎች (የተሰበረ ቅጠል አዲስ ዝገት የሌለው ነጭ መስመር ያሳያል)፣ የኋላ መብራቶች።

ደንገጎን እንዴት ልውረድ?

አዲስ ሾፌርን የሚለየው ይህ ቦታ ነው። ደንገጎ ላይ የሐረርና የድሬዳዋ መንገድ ይለያያሉ፤ ከዚያ ወደ ድሬ ያለው መንገድ ከ2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ እስከ 1,200 ሜትር አካባቢ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የወደብ ዕቃ ጭኖ የሚሠራ መኪና ብዙ ጊዜ ደንገጎን የሚወጣው ጭኖ ነው፣ የሚወርደው ባዶውን ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ወርዶ የለመደ ሾፌር አንድ ቀን እህል ወይም ቡና ጭኖ በለመደው ማርሽ ይጀምረዋል።

መጀመሪያ ፍሬን ለምን እንደሚከዳ እንይ። በከበሮ ፍሬን የፍሬን ሸራው ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ) ከውስጥ ገፍቶ ነው የሚይዘው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል መያዙን ያጣል። እግርህ ያው ነው የሚረግጠው፣ መኪናው ግን አይሰማም። በዚያ ላይ ደጋግመህ በረገጥህ ቁጥር አየር ይወጣል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ የወጣውን አይተካም። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡ ነው «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆመህ የአየር ግፊቱ ሙሉ መሆኑን እይ፣ ከመኪናው ወርደህ በጎማዎቹ ዙሪያ ሙቀትና ሽታ ፈትሽ። ማርሹን ገና ሜዳ ላይ ሳለህ ምረጥ፦ ያንን ቁልቁለት ጭነህ ብትወጣው የምትጠቀምበት ማርሽ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ያለ። መሐል ላይ ለመቀየር አታስብ፤ ማርሹ ካልገባልህ በፎሌ (ያለ ማርሽ) ቀረህ ማለት ነው። የጭስ ማውጫ ፍሬኑን አብራ። ከዚያ ሞተሩ ይዞህ ይውረድ። ፍጥነቱ ከወሰንከው ሲያልፍ፣ ለምሳሌ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ፣ ጠንከር አድርገህ እስከ 17 ገደማ አውርደውና እግርህን ሙሉ በሙሉ አንሳ። ቀስ ብሎ ሁልጊዜ መርገጥ የሚመስለውን ያህል ደግ አይደለም፤ ሸራውን ያለ ዕረፍት ያቃጥለዋል። በጥቂቱ ግን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሾፌር ነው ታች ሲደርስ ጎማው የሚጨሰው።

ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ በፎሌ መውረድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሚቆጠብም ናፍጣ የለም። በዘመናዊ ሞተር በማርሽ ስትወርድ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ካነሳህ ሞተሩ ናፍጣ አይረጭም፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫል።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ መንገዱ በሚሰፋበት ቁም። ጎማውን በታኮ ያዝ፤ ከተቻለ የእጅ ፍሬኑን በጋለ ታምቡር ላይ አታጥብቅ። ውኃ አታፍስስ፤ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ከግማሽ ሰዓት በታች አትነሳ። ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለህ ደግሞ ጥሩምባና መብራት ሳታቋርጥ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብክ፣ መኪናውን በተራራው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር አስታክከው። ካሶኒ ተጠግኖ ይሠራል።

ባዶ መኪናም የራሱ ጠባይ አለው። በዝናብ ቀን ባዶ ተሳቢ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ይቆለፍና ወደ ጎን ይወጣል። ያን ጊዜ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ቀጥ ይላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚዎች በእግርም በመኪናም መንገዱን ይሞሉታል፤ ከበዓሉ በፊትና በኋላ ላሉት ሁለት ሦስት ቀናት የመድረሻ ሰዓት ለማንም ቃል አትግባ።

የደወሌ መንገድስ?

አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ የክፍያ መንገድ ነው፤ ችግሩም ጥሩነቱ ላይ ነው። በሽንሌ፣ አዲጋላና አይሻ አድርጎ እስከ ደወሌ ሜዳውና ሙቀቱ ያስተኛሉ። ግመልና ፍየል ያለ ማስጠንቀቂያ ይገባሉ፤ ማታ የግመል ዓይን ከመብራትህ ከፍታ በላይ ስለሆነ ቀድሞ አይታይህም፣ ከተገጨ ደግሞ በመስታወት ነው የሚገባው። በአይሻ በኩል ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ባዶ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ በጎን ነፋስ ስለሚገፋ አራቱም የኮንቴይነር መቆለፊያዎች መዘጋታቸውን በእጅህ ነካክተህ አረጋግጥ፤ ፍጥነትህንም ቀንስ።

ውኃ ለሁለት ሰው ቢያንስ 20 ሊትር፣ ለራዲያተር ሌላ 20 ሊትር ያዝ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ለጥላው ብለህ አታቁም፣ አትደርም። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ድሬ አልረሳችም፤ ዝናቡ የዘነበው ከተማው ላይ ሳይሆን ላይ ደጋው ላይ ነበር። አሸዋው ደረቅ ስለሆነ ሰማዩ ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ጅቡቲ ስገባ ምን ይጠብቀኛል?

ወረፋ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች የሚያርፉት ከከተማው ዳር ፒኬ 12 አካባቢ ነው፤ የወደቡ ዋና ሥራ ደግሞ ዶራሌ ላይ ነው። መገበያያው የጅቡቲ ፍራንክ ነው፣ ሰዉ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ አረብኛና ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ አማርኛ የሚችልም አታጣም። ድንበር የሚያሻግርህን የጉዞ ሰነድ አሠሪው አዘጋጅቶ በእጅህ ሳይሰጥህ ከድሬ አትንቀሳቀስ። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጋቢና ውስጥ መተኛት አይቻልም፣ ብዙዎች ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ያርፋሉ። ይህን ካደረግህ ቁልፉ ከአንተ ጋር፣ ታኮው ከጎማው ሥር ይሁን።

ኮንቴይነር ስትረከብ ሦስት ነገር አመሳክር፦ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የማሸጊያው ቁጥር፣ በሰነዱ ላይ ያለው። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ደወሌ ላይ ስትቆም የምትጠብቀው አንተ እንጂ ትራንዚተሩ አይደለም። የጉምሩክ ማሸጊያ መንገድ ላይ ተበጥሶ ከተገኘ ወዲያው ስልክ ደውል፣ ፎቶ አንሳ፣ ራስህ ለመጠገን አትሞክር።

«ይህችን ዕቃ ብቻ አድርስልኝ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ወይም በመንገድ ላይ በእግር የሚሄዱ ወጣቶች ጫነን ይላሉ። ኮንትሮባንድ የተገኘበት መኪና ሊወረስ ይችላል፣ ሾፌሩ ይከሰሳል። ድንበር ለመሻገር የሚሄዱ ሰዎችን መጫን ደግሞ ሰዎችን በሕገወጥ መንገድ በማሻገር ያስከስሳል፤ «አዝኜ ነው» ማለት ከክስ አያድንም። የሚያሳዝኑ ከሆነ ውኃ ስጣቸው።

ሚዛን ላይ ትርፍ ተገኘ ቢሉኝ ጥፋቱ የእኔ ነው?

አስጫኙ ቢያጠፋም ኬላ ላይ የሚቆመው ሾፌሩ ነው። ሚዛን የሚያየው ጠቅላላ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አክስል ላይ ያረፈውን ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው ልክ ሆኖ አጫጫኑ ብቻ ያስቀጣሃል። 400 ኩንታል ሲሚንቶ ባለ 50 ኪሎ 800 ከረጢት ነው። ጫኞች ለራሳቸው ስለሚቀናቸው ከኋላ በር ጀምረው ይከምራሉ፤ ከፊት ቦርድ ጀምሮ እኩል እንዲደረደር ቆመህ አስደርግ፣ በንብርብር ቁጠር። ተሳቢው ላይ አብዝቶ ዋናውን መኪና ማቅለል በቁልቁለት ከኋላ እንዲገፋህ ያደርጋል። ኮንቴይነር ከሆነ የራሱ ክብደት አይረሳ፤ ባዶው ባለ 20 ጫማ ከ2 ቶን በላይ፣ ባለ 40 ጫማ ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል።

ጎማ ቢፈነዳ ወይም ከረጢት ቢጎድል ከደመወዜ ይቆረጣል?

አሠሪው እንደፈለገ መቁረጥ አይችልም። ቅነሳ የሚደረገው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንተ በጽሑፍ ስትስማማ ነው፤ በማንኛውም ሁኔታ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ለጎማ ጉዳት ሾፌሩ ይከፍላል» የሚል አንቀጽ ካለ ያለ ጥያቄ አትፈርም፤ ቢያንስ «በቸልተኝነቱ ለደረሰ» የሚል ይጨመርበት። የፈነዳውን ጎማ መንገድ ላይ አትጣል፣ ይዘህ ተመለስ። ያረጀ ጎማ ከነመለያ ቁጥሩ ካልታየ አንተ የሸጥከው ይመስላል።

ጫት ካልቃምኩ ሌሊቱን እንዴት እነዳለሁ?

ሌሊቱን አትንዳ። ከአወዳይ የሚነሱ የጫት አይሱዙዎች የሚሮጡት ጭነታቸው በሰዓታት ውስጥ ስለሚደርቅ ነው፤ ሲሚንቶ አይደርቅም። ቅሞ ማሽከርከር ክልክል ነው፤ ከዚያ ባለፈ ደግሞ ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ ከነወለዱ ይመጣል። በየአራት ሰዓቱ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁም፤ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ያለውን የበረሃ ሙቀት ተኝተህ አሳልፍና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳ። ጎማህም ያመሰግንሃል።

መንገድ ላይ ቢበላሽብኝ ወይም አደጋ ቢደርስስ?

ብልሽት ከሆነ ሦስት ማዕዘኑን በቀጥታ መንገድ 50፣ በኩርባ ላይ ከኩርባው በፊት 100 ሜትር ያህል ርቀት አስቀምጥ። ቅጠልና ድንጋይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ስትሄድ ግን ድንጋዩን አንሳ። ትተኸው የሄድከው ድንጋይ ማታ ባለ ሞተር ይገድላል።

አደጋ ሲሆን ቁም፣ ለተጎዳው እርዳታ ጥራ፤ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መኪናውን ትራፊክ ፖሊስ ሳያየው አታንቀሳቅስ፣ ሰው ለማዳን ካልሆነ በስተቀር። ሕዝብ ከተሰበሰበና ለሕይወትህ ካሰጋህ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ራስህ ሪፖርት አድርግ፤ ይህ ከመሸሽ ይለያል፣ የሚለየው ግን ቶሎ ከደረስክ ነው። ግመል ወይም ከብት ከተገጨ በመንገድ ዳር በስልክ ካሣ አትዋዋል፤ ባለንብረቱ፣ ፖሊስና የአካባቢው ሽማግሌዎች ባሉበት ይሁን።

ሥራው ካልተስማማኝ እንዴት ልልቀቅ?

የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ትሰጣለህ። ቁልፉን ስትመልስ የገባህበትን የርክክብ ወረቀት አውጣና ተራ በተራ እየተነበበ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ሸራው ይመለስ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቅጂው ከአንተ ጋር ይቅር። የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቅ፤ ስትጠይቅ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። በማስረጃው ላይ «ሾፌር» ብቻ ሳይሆን የመኪናው ዓይነትና የሠራህበት መስመር እንዲጻፍ አድርግ፤ ቀጣዩ ባለንብረት ተሳቢ ይዘህ ደንገጎን መውረድህን ነው የሚፈልገው።